ለቅዳሜ ያደረው ብይን

ኦቦ ደበላን ለምታውቁ ሁሉ፣ በተለይም ቅዳሜ ከሰዓት ቡራዩ በሚገኘው ሳሎናቸው አንድ ጊዜ እንኳ ለተቀመጣችሁ። የጂኦግራፊ መምህሩ፣ የሸለቆው ጨዋታ አባት፣ የአዴ ጫልቱ ባለቤት ኦቦ ደበላ ልባቸው ሲያስቸግራቸው ቆይቶ በቤታቸው አርፈዋል። ቀብራቸውም ከገፈርሳ ውኃ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። መርዶውን በስልክ መልእክት ያነበባችሁ ትኖራላችሁ። ያልሰማችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ከቡድናችን የስልክ ገጽ ከወጣችሁ ቆይታችኋልና። ለምን እንደወጣችሁም አውቃለሁ፤ አልፈርድባችሁም።

እኔ ሰበታ መድኃኒት ቤት የምሠራ የቀድሞ ተማሪያቸው ነኝ። ኦቦ ደበላ ጠረጴዛቸው ላይ የሚቀመጠውን ሰው ስሙን ትተው በመጣበት ከተማ ይጠሩት ስለነበር፣ ለአንዳንዶቻችሁ «ሰበታ» ብል ይበልጥ ታውቁኛላችሁ። በሩን ገና ከመክፈቴ በኦሮምኛ «ነይ» ሲሉ «ኮቱ፣ ኮቱ ሰበታ! ዛሬም ዓለም ገና ላይ ታክሲ ጠፋ?» ይሉኝ ነበር። ማርፈዴን መንገር የፈለጉ እንደሆነ እንዲህ ነበር የሚነግሩኝ። ሰውን ከፊት ለፊት ሲወቅሱ ሰምቼ አላውቅም።

በክፍል እንጂ በጠረጴዛ ለማታውቋቸው ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ሆለታ የአበባ እርሻ ውስጥ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ለኦቦ ደበላ ወንድም ሻንጣ የሚያህል ሳጥን ትቶለት ሄደ። ወንድማቸው ከፍቶ ቢያየው ጠጠር፣ ካርድና ትንንሽ የእንጨት ቤት ሆነበት፤ የልጆች መጫወቻ መስሎት ለመምህሩ ይሁን ብሎ አመጣላቸው። ውስጡ ታጥፎ የተቀመጠ ሰሌዳ ነበረ። ሰሌዳው ላይ ወንዝ የሚያቋርጠው ሰፊ ሸለቆ ተስሏል። ተጫዋቹ በሸለቆው ውስጥ ከተማ ይቆረቁራል፣ ቦይ ይቀዳል፣ ድልድይ ይሠራል፣ ለክረምት እህል በጎተራው ያከማቻል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር እየተደራደረ ነው። ደንቡ ብቻውን ራሱን የቻለ መጽሐፍ ነው። ኦቦ ደበላ ያንን መጽሐፍ ወደ አማርኛና ወደ አፋን ኦሮሞ ለመመለስ አንድ ክረምት ሙሉ ከቤት አልወጡም። አዴ ጫልቱ «ጡረታ ወጣ ብዬ ደስ ሲለኝ መልሶ ተማሪ ሆነብኝ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

ምሳ በልተን የጀመርነው ጨዋታ መብራት እስኪበራ አያልቅም። ሰሌዳው ሲያረጅ ቺፕውድ ላይ ለጠፉት። የጠፋውን ጠጠር በቆርኪና በአሮጌ የካፖርት ቁልፍ ተኩት። ጨዋታውን ያየ ሰው ሁሉ «ይህ ሁሉ ደንብ ለጨዋታ?» ይላል። እሳቸውም ሳይሰለቹ «ደንቡ ጨዋታው እንዳያልቅ ነው» ይሉታል።

ከደንቦቹ ሁሉ ግን የጠረጴዛችን ልብ አንዱ ነበር። ጎተራው ባዶ የሆነ ተጫዋች ይሸነፋል። በዚያ ሰዓት ከጎኑ ያለው ሰው ይነሳና የመስኮቱን ሥር ባለመደገፊያ ወንበር ስቦ ያቀርብለታል፤ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ተሸንፈሃል፤ ተቀመጥ!» እንለዋለን። ኦቦ ደበላ «ታኢ!» ብለው በኦሮምኛ ይደግሙታል። የተሸነፈው ከዚያ ጀምሮ የሸለቆው ሽማግሌ ነው። ከባሕር ዛፍ የተጠረበች የጣት ቁመት ያላት በትር ትሰጠዋለች። ሁለት ከተሞች በውኃ ወይም በድልድይ ሲጣሉ ሽማግሌው በትሯን ጠቡ ላይ ያቆማል፣ ሁለቱን ይሰማል፣ ብይን ይሰጣል። ብይኑ የሚጸናው ሁለቱም «ተቀብያለሁ» ሲሉ ነው። አንዱ እምቢ ካለ ሽማግሌው እንደገና ያስባል። ብዙ ጊዜ ከአሸናፊው ይልቅ ሽማግሌው ተመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትዳሬ በፈረሰ ጊዜ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ እንጂ ሌላ ቦታ አልረግጥም ነበር። ሰው «ምነው ጠፋሽ?» እንዳይለኝ ሠፈር ውስጥ እንኳ ዙሪያ መንገድ እመርጥ ነበር። ኦቦ ደበላ ወሬውን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። አንድ ቀን ደውለው ስለ ትዳሬ ምንም ሳያነሱ «ሰበታ፣ ቅዳሜ ወንበር ጎድሎብናል፤ ነይ» አሉኝ። ሄድኩ። ጨዋታውን አላውቀውም፣ ገና ሳይመሽ ጎተራዬ ባዶ ሆነ። ዕቃዬን ልሰበስብ ስል እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ወንበሩን አቀረቡልኝ። «ተሸንፈሻል፤ ተቀመጪ» አሉኝ። ያን ዕለት ለምን እንዳለቀስኩ ከእሳቸው በቀር የገባው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እሳቸውም ሳያዩኝ ቆይተው በትሯን እጄ ላይ አኖሩልኝ።

በማስተማሩም እንዲሁ ነበሩ። ፈተና የወደቀ ተማሪ ኋላ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም። ካርታውን ሰሌዳ ላይ የሚሰቅለው፣ በዘንግ እያመለከተ ለክፍሉ የሚያነበው እሱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ገመቹ ነው። ዛሬ ቡራዩ አስፋልት ዳር ስልክ የሚጠግነውን ገመቹን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጎረቤታቸው ስለነበር በጠረጴዛው ላይ ስሙ «ቡራዩ» ነው። ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ታደሰ ነበር፤ ሱሉልታ ላይ የግንባታ ዕቃ የሚሸጠው፣ ሲያሸንፍ የሚዘፍነው፣ ሲሸነፍ ሻይ አልጠጣም የሚለው ታደሰ። ሁለቱ ካልተከራከሩ ቅዳሜ ቅዳሜ አይመስልም ነበር። ክርክራቸው ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ ይሆንና፣ ሲያልቅ አንዱ የሌላውን ጃኬት ለብሶ ይወጣል።

የመጨረሻዋን የጠረጴዛ ቅዳሜ ደህና አድርጌ አስታውሳታለሁ። ኦቦ ደበላ በጊዜ ተሸነፉ። እንደ ደንቡ ተነሥቼ ወንበሩን ሳብኩላቸው፤ «ተሸንፈዋል፤ ይቀመጡ» አልናቸው። እየሳቁ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ ታደሰና ገመቹ በወንዙ ላይ ባለው አንድ ድልድይ ተያያዙ። ታደሰ ድልድዩን ሠርቷል፤ ገመቹ ደግሞ የቆመበት መሬት የእኔ ነው ይላል። ሽማግሌው በትሯን ድልድዩ ላይ አቁመው ሁለቱን ሰሙ። በዚህ መሃል ደነገዘ፣ ታደሰ የሱሉልታ ታክሲ እንዳያመልጠው መቁነጥነጥ ጀመረ። ኦቦ ደበላ ይህን አይተው «በችኮላ አልፈርድም። ብይኑ ለቅዳሜ ይደር» አሉ። ሰሌዳው እንዳለ ይቀመጥ ተባለ፤ አዴ ጫልቱም የፕላስቲክ ሽፋን ጣል አደረጉበት።

ያች ቅዳሜ አልመጣችም። በዚያው ሳምንት መንገዱ ታወከ። ሁላችሁም የምታውቁት ጊዜ ነው፤ አንድ ቀን የሱሉልታው ይዘጋል፣ ሌላ ቀን የእኛ። ተከፍቶም ቢሆን ሰው በሰላም እመለሳለሁ ብሎ ለጨዋታ አይወጣም። አንድ ሁለቴ ሞክሬ ከመሃል ተመልሻለሁ።

መፍትሔ ያመጣው ገመቹ ነው። የዚያው የሸለቆው ጨዋታ የስልክ ቅጂ እንዳለ አግኝቶ በየስልካችን ጫነልን። በደስታ እንደ ልጅ ሆንን። ሰሌዳው እስክሪን ላይ ያበራል፣ ወንዙ ይፈስሳል፣ ድልድይ ሲሠራ መዶሻ ይሰማል። ደንብ ማስታወስ የለም፤ ስልኩ ሁሉንም ያውቃል። ኦቦ ደበላ ስልክ የሚንቁ ሰው አልነበሩም፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው «እነሆ ሰበታና ሱሉልታ አልጋዬ ላይ መጡ» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያዋ ተሸናፊ እኔ ሆንኩ። ጎተራዬ ባዶ ሲሆን አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር መጣና ጨዋታው ከውስጡ አወጣኝ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ለገመቹ ደወልኩ።

«ወንበሩ በየት ነው የሚገባው?» አልኩት።

«የምን ወንበር?»

«የሽማግሌው ነዋ! ተሸንፌያለሁ፣ ልቀመጥ።»

ፈልጎ አጣው። ኦቦ ደበላ ቤት ሄዶ የእንግሊዝኛውን የደንብ መጽሐፍ አገላበጠ፤ እዚያም የለም። መጽሐፉ የሚለው «የተሸነፈ ከጨዋታው ይወጣል» ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ዋናው ደንብ ነው ብለን የተጫወትነው ኦቦ ደበላ ሲተረጉሙ ያስገቡት ኖሯል። ገመቹ «ጋሼ፣ ይህማ መጽሐፉ ላይ የለም!» ቢላቸው፣ ምንም ሳይደነግጡ «ታዲያ ምን ልጻፍ? ከሱሉልታ ድረስ የመጣን እንግዳ፣ ተሸንፈሃልና ውጣ ልበለው? በኔ ቤት?» ብለው መለሱለት። በስልክ ሲነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። ያኔ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በስልኩ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተራ የተወሰነ ሰዓት አለ። አንድ ቀን ታደሰና ገመቹ እንደ ልማዳቸው በድልድይ ተፋጠው ሳለ የሱሉልታ ኔትወርክ ጠፋ። ታደሰ ሲመለስ ሰዓቱ አልፏል፣ ድልድዩ ለገመቹ ተሰጥቷል፣ እሱ ከጨዋታው ወጥቷል። ቡድናችን ገጽ ላይ «ይህ ማጭበርበር ነው» ብሎ ጻፈ። ገመቹ «እኔ ምን አደረግሁ? ስልኩን ጠይቅ» አለ። ጠረጴዛ ላይ ቢሆን በትሯ ድልድዩ ላይ ትቆም ነበር፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይይዝ ነበር። በገጹ ላይ ግን የሚያቆም ሰው አልነበረም። ቃል ቃልን እየጠራ ሄደና በመጨረሻ «ለመሆኑ አንተ ከየት ነህ?» የሚለው ተጻፈ። ማን ለማን እንደጻፈው እዚህ አላነሳም፤ ሌላውም ወዲያው መልሶለታልና። ከዚያ እያንዳንዱ ወገን ያዘ፣ ሰው እየተነሣ ወጣ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ከውጭ የምንሰማውን ሁሉ ይዘን ነበር ወደ ጨዋታው የምንገባው።

ኦቦ ደበላ ያነበቡት በማግስቱ ነው። እኔን ሲያገኙኝ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከየት ነህ ማለት እኮ የኔ ሰላምታ ነበር።»

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቢከፈትም ልባቸው አልተሻላቸውም። የጨዋታ ጠብ ሰው ይገድላል አልልም፣ በሽታቸው የቆየ ነው። ግን ካልጋ ከዋሉ በኋላ የሚያስጨንቃቸው በሽታው አልነበረም። ሁለቱን ባንድ ጠረጴዛ ሳላስቀምጥ እንዳልሞት ይሉ ነበር። ለታደሰ እየደወሉ «ሱሉልታ፣ ብይን አለብህ፤ ቅዳሜ ና» ይሉታል። ታደሰ «እሱ ከሌለ እመጣለሁ፣ ኦቦ» ይላል። ገመቹ በየቀኑ «አከም ጂርቱ» እያለ ይገባል፣ መድኃኒት ያመጣል፣ ያስታምማል፤ ቅዳሜ ሲባል ግን «ያ ሰውዬ ካልመጣ» ይላል። በሁለቱም ተናደድኩ፤ አሁንም ንዴቴ አልወጣልኝም። የሚሞት ሰው እየለመነ ለምን እንደዚህ እንሆናለን?

ለመጨረሻ ጊዜ ስጠይቃቸው ሳሎኑ ውስጥ ሰሌዳው በሽፋኑ ሥር እንዳለ ነበር። አዴ ጫልቱ ዙሪያውን እየጠረጉ ጠጠር ሳያንቀሳቅሱ ወራት አሳልፈዋል። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ «ብይኑ ግን ምን ነበር? ለኔ ይንገሩኝና ልንገራቸው» አልኳቸው።

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ላንቺ ብነግርሽ ወሬ ይሆናል። ብይን የሚሆነው ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሰሙት ነው።»

«ካልመጡስ?»

«እኔ እንደሆንኩ ወንበሬ ላይ ነኝ» አሉ።

ከዚህ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ታደሰ ከሱሉልታ መጥቶ በአንደኛው ጫፍ ተቀመጠ፤ ገመቹ ከእድሩ ሰዎች ጋር ወዲያ ወዲህ ሲል ዐይኑን ወደዚያ አላዞረም። ቀትር ላይ ለሰሃንና ለውኃ ተጨማሪ ጠረጴዛ ተፈለገ። አዴ ጫልቱ ከሐዘን መቀመጫቸው ሳይነሱ ቀና ብለው «የሳሎኑን ውሰዱ። ሰሌዳውን ግን እንዳለ አንሥታችሁ አልጋው ላይ አድርጉልኝ፤ እንዳታፈርሱት» አሉ። እንደ አጋጣሚ ለበሩ የሚቀርበው ታደሰ ነበር። ገመቹም ጠረጴዛውን ሊያነሣ ቀድሞ ገብቷል። አዴ ጫልቱ አስበውበት እንደሆነ ጠይቄያቸው አልመለሱልኝም።

ሽፋኑን እኔ ገለጥኩት። ቤቶቹ፣ ቆርኪዎቹ፣ ቁልፎቹ፣ በድልድዩ ላይ የቆመችው በትር፣ ሁሉም እንደዚያች ምሽት ነው። ሁለቱ ግራና ቀኝ ያዙት። ቺፕውዱ ሰፊ ነው፣ ትንሽ ካዘነበለ ሸለቆው ሁሉ ይንሸራተታል። ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ መሸከም አይቻልም።

«ቀስ» አለ ታደሰ።

«ያዝኩ። ወደ ግራ።»

«ደፉ አለ፣ እግርህን።»

«ደረስን። አንተ ቀድመህ አውርድ።»

ከጠባቸው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገሩት ይኸው ነው። በመኝታ ቤቱ በር ላይ ሲያልፉ በትሯ ወደቀች። ሰሌዳውን አልጋው ላይ ካሳረፉ በኋላ ገመቹ ከመሬት አንሥቶ ይዟት ቆመ። ታደሰ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወዳንተ ጠጋ ብላ ነበር የቆመችው» አለው። ገመቹ «የለም፣ መሃል ላይ ነበረች» አለና ድልድዩ መሃል አቆማት። ታደሰ አልተከራከረም።

ታረቁ ብዬ አልዋሻችሁም። ተመልሰው ወጥተው እያንዳንዳቸው በየጫፋቸው ተቀመጡ፣ ሲመሽ በየፊናቸው ሄዱ። በመጪው ቅዳሜ ሰሌዳው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ እንደሚሆን ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ። አንዳቸውም እመጣለሁ አላሉም፤ አንዳቸውም «እሱ ካለ» አላሉም። እኔ እዚያ ነኝ። ከገጹ የወጣችሁትም ሁሉ ቤቱን ታውቁታላችሁ።

ኦቦ ደበላ፣ እንግዲህ እኛ ባላወቅነው ብይን መሃል ትተውን ሄደዋል። ምን ሊሉ አስበው እንደነበር ሌት ተቀን አስባለሁ፤ አልደረስኩበትም። ተቆጥቼብዎትም ነበር፤ ለኔ እንኳ ሹክ ቢሉኝ ምን ነበር እያልኩ። አሁን ግን ያ ሰሌዳ ሳይናጋ በሁለቱ እጅ በርዎን ሲያልፍ ካየሁ በኋላ ቁጣዬ ለቆኛል። ያስተማሩን ደንብ መጽሐፉ ላይ አልነበረም፣ ስልኩም አያውቀውም፤ እኛ ካልያዝነው የትም የለም። ቅዳሜ ሰው ይምጣም ይቅርም የመስኮቱን ሥር ወንበር ስቤ አቀርባለሁ። ማንም አይቀመጥበትም። ወደ ቤትዎ ስገባ «ኮቱ ሰበታ» የሚለኝ ድምፅ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ እሱን እንዴት እንደምችለው ገና አላወቅሁም። ግን እርስዎ ማንንም ከጠረጴዛው አላስወጡም፣ እኛም እርስዎን አናስወጣም።

ጌታዬ፣ መምህሬ፤ ተሸንፈዋል። ይቀመጡ።